አንድ ጣሳ ውኃ ለሕፃኑ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ይህ ተረት የሚነገረው በሀብት መካከል ተቀምጦ በችጋር ለሚኖር ሰው ነው። እኔ ግን ለሌላ ጉዳይ ልዋሰው እወዳለሁ። የምትኖሩበትን የወምበርማን ምድር ተመልከቱ። በስተደቡብ የሚያዋስነው ዓባይ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ከሽንዲ ጀምሮ እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ባለው አገር ጅረቱ ይሞላል፤ ማሳው ይረሰርሳል፤ መንገዱ ሁሉ ውኃ ይሆናል። በዚህ አገር የሚያድግ ሕፃን ግን በገዛ ቤቱ ውኃ እንዲነካ አይፈቀድለትም። እጁን ወደ ጀሪካኑ በዘረጋ ቁጥር «ተው!» ይባላል፤ ጣሳውን ባነሣ ቁጥር ከእጁ ይነጠቃል። ስለዚህ የዓባይ ልጅ የሚጠጣው ውኃ ባያጣ እንኳ የሚጫወትበት ውኃ አጥቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት አጭር ነው። ዕድሜው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት የሆነ ሕፃን፣ በቤቱ ደጃፍ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ በጥቂት ንጹሕ ውኃ እንዲጫወት ሊፈቀድለት ይገባል እላለሁ። ይህን የምልበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውኃ ጨዋታ ለሕፃኑ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ፣ በቤቱ የተከለከለውን ውኃ ሕፃኑ አደጋ ካለበት ስፍራ ሄዶ ይፈልገዋል። ሁለቱንም በየተራ ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ እናንተም አንብባችሁ ፍረዱ።

በቅድሚያ «የውኃ ጨዋታ» ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልግለጽ። ወንዝ ወርዶ መዋኘት ማለቴ አይደለም። ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ አሻንጉሊትም አያስፈልገውም። ለጨዋታው የሚበቃው ሦስት ሊትር ያህል ውኃ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ሲኒ፣ አንድ ጭልፋ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስና ጥቂት የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። ቅል ቢኖር ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው። ከእነዚህ መካከል በአብዛኛው ቤት የማይገኝ ዕቃ የለም። ጊዜውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

እንግዲህ ሕፃኑ በዚህ ዕቃ ምን ይማራል? የመጀመሪያው ትምህርት መለካት ነው። ለሕፃኑ ሲኒውንና ጣሳውን ስጡትና «ጣሳውን ለመሙላት ስንት ሲኒ ይበቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በመጀመሪያ ዝም ብሎ ይገለብጣል፤ ያፈስሳል፤ ይስቃል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ግን መቍጠር ይጀምራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲሞላ የሚቈጥረው ባዶ ስም ሳይሆን ዐይኑ የሚያየው፣ እጁም የሚመዝነው ነገር ነው። በመምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት «አንድ ሊትር አንድ ሺሕ ሚሊ ሊትር ነው» የሚለውን በቃላቸው የሚወጡ፣ ነገር ግን በፊታቸው ያለው ጣሳ ስንት ሲኒ እንደሚይዝ ቢጠየቁ ለመገመት የሚቸገሩ ተማሪዎች አይቻለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። የጐደላቸው ቃሉ ከመምጣቱ በፊት መቅደም የነበረበት የእጅ ልምድ ነበር።

በዚህ ረገድ የስዊዘርላንዱን የሥነ ልቡና ሊቅ የዣን ፒያዤን ሥራ ማንሣት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980 የኖረው ይህ ሰው የሕፃናትን አስተሳሰብ ሲመረምር ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። በሁለት እኩል ብርጭቆዎች ውስጥ እኩል ውኃ ይቀዳል። ሕፃኑም እኩል መሆናቸውን አይቶ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ የአንደኛው ብርጭቆ ውኃ ሕፃኑ እያየ ጠበብና ረዘም ወዳለ ሌላ ብርጭቆ ይገለበጣል። «አሁንስ የቱ ይበልጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዕድሜው ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ የታየውን ይመርጣል። አንዲት ጠብታ እንዳልተጨመረ ዐይኑ አይቷል፤ አሳቡ ግን ገና ቅርጽንና መጠንን አይለይም።

ይህን ሙከራ እናንተም በቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። በሰፊ ሳህን ያለውን ውኃ ወደ ጠባቡ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጡና የአራት ዓመት ወንድማችሁን ጠይቁት። የተሳሳተ መልስ ቢሰጣችሁ አትሳቁበት፤ ልታርሙትም አትቸኵሉ። ውኃውን መልሶ ወደ ሳህኑ እንዲገለብጠው ብቻ ስጡት። ሕፃኑ ይህን ደጋግሞ ሲያደርግ የሄደው ውኃ ሳይጨምርና ሳይጐድል መመለሱን በገዛ እጁ ይመለከታል። በአንድ ቀን ባይገባውም ለሚገባው ቀን መሠረት ይጥላል።

ሁለተኛው ትምህርት የመንሳፈፍና የመስጠም ነገር ነው። ቆርኪውን አፉን ወደ ላይ አድርጎ በውኃው ላይ ያስቀመጠ ሕፃን እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍለት ያያል። ያንኑ ቆርኪ አዘንብሎ ውኃ ያስገባበት እንደ ሆነ ይሰጥምበታል። ብረቱ ያው ነው፤ የተለየው በውስጡ የያዘው ነው። ያልተላጠ ብርቱካን በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቅርፊቱ አየር የቋጠረ ስለ ሆነ ነው። ተልጦ ቢገባ ግን ይሰጥማል። ሕፃኑ ቅርፊቱን ማንሣት ብርቱካኑን የሚያቀለው ይመስለው ነበርና ይደነቃል። ትኩሱን እንቍላል ከቈየው ለመለየት በውኃ ውስጥ የሚጨምሩ እናቶች የሚሠሩት ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ትኩሱ ይሰጥማል፣ የቈየው ይንሳፈፋል። እናንተ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ እፍግታ የምትማሩትን ቀመር ሕፃኑ አያውቀውም። የቀመሩ ጥያቄ ግን በልቡ ይጸነሳል።

ሦስተኛው ትምህርት የውኃን ኀይል ማወቅ ነው። የፕላስቲኩን ጠርሙስ ጐን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች በምስማር ብሱና ውኃ ሙሉበት። መብሳቱን እናንተ አድርጉት፤ ለሕፃኑ አትተዉት። ከላይኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውኃ ደከም ብሎ ይንጠባጠባል፤ ከታችኛው የሚወጣው ግን በኀይል ይረጫል። ለምን ቢባል የታችኛውን ውኃ ከበላዩ ያለው ውኃ ሁሉ ስለሚጫነው ነው። ግድብ ሲሠራ ግንቡ ከራሱ ይልቅ በሥሩ እንዲወፍር የሚደረገውም ስለዚሁ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከፍታው 145 ሜትር ነው። በወምበርማ ጠረፍ የሚያልፈው ዓባይ ወርዶ የሚገታው በዚያ ግንብ ነው። በክረምት በቦይ ዳር ጭቃ እየከመረ ጐርፍ የሚያግድ ሕፃን ግድቡ ከሥሩ ሲናድበት ይቈጣል፤ ቀጥሎም ሥሩን አወፍሮ ይሠራል። ያንን ሕፃን «በጭቃ ተበላሸ» ብለን ብቻ ከተመለከትነው በእጁ ያለውን አሳብ አላየንለትም።

አራተኛው ትምህርት ለእጅ ነው። ሕፃኑ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቅ፤ ከጭልፋ ወደ ጠርሙስ ሳያፈስስ ይቅዳ፤ ትንሽ ዕቃ ይጠብ። ጣቶቹ ይጠነክራሉ፤ እጁና ዐይኑም መተባበር ይለምዳሉ። ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚሁ ጣቶች ናቸው። ከዚህም ሌላ አንድ ደስ የሚል ጨዋታ አለ። ፀሐይ ያሞቀው ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጉና ሕፃኑ ጣቱን ውኃ ውስጥ እየነከረ «ሀ»ን ይጻፍበት። «ሁ»ን ጽፎ ሳይጨርስ «ሀ» ደርቃ ትጠፋለች። «ወዴት ሄደች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን በአንድ ድንጋይ ላይ ፊደልም ተማረ፣ የውኃን መትነንም አየ። ወረቀት አልጠፋም፤ እርሳስ አላለቀም።

አምስተኛው ትምህርት የቋንቋ ነው። ይህ የሰዋስው መጽሐፍ ስለ ሆነ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ብቈይ ደስ ይለኛል። ስለ ውኃ የሚነገሩትን ግሦቻችንን አስቡ። ውኃ ይቀዳል፣ ይንቈረቈራል፣ ይንጠባጠባል፣ ይንጠፈጠፋል፣ ይረጫል፣ ይፈስሳል፣ ያቈራል፣ ይረጋል፣ ይተንናል። ዕቃ ይሞላል፣ ይጐድላል፣ ይዘቀዘቃል፣ ይሰጥማል፣ ይንሳፈፋል። ሕፃን ይነከራል፣ ይንቦራጨቃል። ተንቈረቈረና ተንጠባጠበ አንድ አይደሉም። አንደኛው የማይቋረጥ ነው፤ ሁለተኛው የሚቈራረጥ ነው። ይህን ልዩነት መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚማር ሕፃን የለም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «እይ፣ ተንጠባጠበ! አሁን ደግሞ ተንቈረቈረ!» እያለ ሲያነጋግረው ቃሉ ከነትርጕሙ ወደ ልቡ ይገባል። እንግዲህ የውኃው ጨዋታ ያለ ሰው ጨዋታ ግማሽ ነው። ሕፃኑን ከሳፋ ጋር ብቻውን አስቀምጦ መሄድ አደጋ ነው፤ ከዚህም በላይ ንግግሩን ይነፍገዋል።

አሁን ወደ ተቃራኒው አሳብ እንሂድ። የዚህ አሳብ ተቃዋሚዎች ጥቂቶች አይደሉም፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛውና ከባዱ ክርክር «ውኃ በጫንቃ የሚመጣ ነው፤ ለጨዋታ እንዴት ይደፋል?» የሚለው ነው። ይህን ክርክር የማከብረው ከልቤ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ግራም ነው። ይህን አዝላ ከምንጭ ወይም ከቦኖ ዳገት የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም እኅት ናት። በእርስዋ ድካም የመጣ ውኃ በከንቱ እንዲፈስስ የሚፈርድ ሰው ፍርደ ገምድል ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ለጨዋታው የሚፈለገው ሦስት ሊትር የሚደፋ ውኃ አይደለም። ሕፃኑ ተጫውቶ ሲጨርስ በዚያው ውኃ እግር ይታጠቡበታል፤ ወይም ጐመን፣ ጌሾና የቡና ችግኝ ያጠጡበታል። ሕፃኑ ራሱ በጣሳ እየቀዳ ችግኙን ቢያጠጣ ጨዋታው ወደ ሥራ ተለወጠ ማለት ነው። በጋው ጠንክሮ ምንጩ በሚጐድልባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ደግሞ በውኃው ፈንታ ደረቅ አሸዋ ይሁን። መቅዳቱ፣ መለካቱና መገልበጡ በአሸዋም ይቻላል። ሁለተኛ፣ የውኃው ሸክም የእኅት ብቻ የሆነው ተፈጥሮ ስለ ወሰነው አይደለም። ይህን የምታነብ ወንድ ተማሪ ሆይ፣ ለታናሽ ወንድምህ መጫወቻ የሚሆነውን ውኃ አንተ ብትቀዳ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ያልቃል። የእኅትህም ጫንቃ ያርፋል፤ የማጥኛ ጊዜም ታገኛለች።

ሁለተኛው ክርክር «ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል» የሚል ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ እንጂ ንጹሕ ውኃ አይደለም። ሆኖም እርጥብ ልብስ ለብሶ በነፋስ የተቀመጠ ሕፃን መንቀጥቀጡ አይቀርምና ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይሁን። ሲያበቃም ሕፃኑ ይደረቅ፤ ልብሱም ይለወጥለት።

ሦስተኛው ክርክር በተረት የሚቀርብ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» የሚልም አይጠፋም። የመጀመሪያው ተረት እውነት ነው። ሕፃን ያቦካው በእርግጥ ለራት አይበቃም። ይሁንና ዛሬ ያላቦካ ልጅ ነገ ለራት የሚበቃ ሊጥ ከየት ያመጣል? የሁለተኛው ተረት መልስ ደግሞ ሥርዐት ነው። ጨዋታው ጊዜ፣ ቦታና ልክ ይኑረው። ሕፃኑ «ውኃው ከሳፋው አይወጣም፤ የመጠጥ ውኃ አይነካም፤ ሲያበቃ ዕቃው ይሰበሰባል» የሚሉትን ሦስት ትእዛዞች ይልመድ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ልጅን አያባልግም፤ እንዲያውም ወሰን ማክበርን ያስተምረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ወደ መጨረሻ ያቈየሁት እንድታስታውሱት ብዬ ነው። እርሱም የአደጋው ነገር ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው አነጋገር ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህም አንድ አራተኛው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን መስጠምን የመከላከል ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲታሰብ ወስኗል። ይህም በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 18 ቀን፣ ጅረቱ ሁሉ በሞላበት በክረምቱ ልብ ላይ የሚውል ነው።

ሕፃን ለመስጠም ወንዝ አያስፈልገውም። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃዋል። በሳፋ ወይም በባልዲ በራሱ የተደፋ ትንሽ ሕፃን ራሱን ለማቅናት ጉልበት አይኖረውም፤ የሚሰጥም ሕፃንም አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። «ቢቸግረው ይጠራኛል» ብሎ ወደ ማጀት የገባ ሰው ሲመለስ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ጠባቂው ከሕፃኑ አንድ ክንድ አይርቅ። ሰው ቢጠራው ሕፃኑን ይዞ ይሂድ፤ ስልክ ቢጮኽ ይጩኽ። ጨዋታው ሲያልቅ ሳፋው ወዲያው ባዶ ይደረግና ይደፋ። የውኃ ጕድጓድና በርሜል ምንጊዜም ክዳን ይኑራቸው። የረጋ ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ሊሆን ስለሚችልም በግቢ ውስጥ አይተው።

እዚህ ላይ «አደጋው ይህን ያህል ከሆነ ጨርሶ መከልከል አይሻልም?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አይሻልም የሚል ነው፤ መከልከሉ አደጋውን አያስቀርምና። ውኃን የማይወድ ሕፃን ከቶ አይገኝም ማለት ይቻላል። በቤት የተከለከለው ሕፃን እግሩ በጸና ጊዜ ታላላቆቹን ተከትሎ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። በዚያ የሚያየው ዐይን የለም። የሚጠብቀውም መስጠም ብቻ አይደለም። ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በረጋ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ተሕዋስ ይሸከማሉ። ተሕዋሱም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃው ውስጥ በሚጫወት ልጅ ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ይህ በሽታ በጣና ዙሪያና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች የሚታወቅ ነው።

ስለ ቢልሃርዝያ ከተነሣ የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም ሳይጠሩ ማለፍ አይገባም። ይህ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ምርምር ሲያደርግ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋለ። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያረጋገጠው ምርምር የተነሣው ከዚህ ነው። በውኃ ዳር የቆመ ሁሉ ውኃ ያያል፤ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የመጠየቅ ልማድ ደግሞ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ቆርኪው ለምን ሰጠመ ብሎ የጠየቀ ሕፃን ሁሉ ሊቅ ይሆናል አልልም። እንዳይጠይቅ እጁ የተመታ ሕፃን ግን መንገዱ እንደሚረዝምበት አልጠራጠርም።

ስለዚህ ምርጫው ሕፃኑ በውኃ ይጫወት ወይስ አይጫወት የሚል አይደለም። ምርጫው ወዴት ይጫወት፣ ከማንስ ጋር ይጫወት የሚል ነው። በሦስት ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በደጃፍ፣ ከታላቁ ጋር? ወይስ ልኩ ባልታወቀ ጅረት፣ ጠባቂ ከሌለበት፣ ከእኩዮቹ ጋር? ነገሩ በዚህ መልክ ሲቀርብ መልሱ የሚያሻማ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለወላጆች መጻፍ ሲገባኝ ለእናንተ ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙው ቤት ሕፃኑን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። እናት ገበያ ስትሄድ፣ አባት እርሻ ሲውል «ልጁን እይ»፣ «ልጁን ያዢ» የሚባለው ለታላቁ ወይም ለታላቅዋ ነው። ከናንተ መካከል ከገጠር መጥታችሁ በከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩም አላችሁ። ስንቅ ልታመጡ ወደ ቤት ስትመለሱ ታናናሾቻችሁ እየሮጡ ይቀበሏችኋል። ታዲያ ከረሜላ ባትይዙላቸው አትዘኑ። ግማሽ ሰዓት ስጧቸው፤ አንድ ጣሳ ውኃና ሁለት ቆርኪ ጨምሩላቸው። ወላጆቻችሁም ከሩቅ ሆነው ያያሉ፤ የሚያዩትም ከንግግራችሁ ይልቅ ያስረዳቸዋል።

አንዳንዶቻችሁ ነገ መምህራን ትሆናላችሁ። ሌሎቻችሁ የጤና ባለሙያዎች ወይም መሐንዲሶች ትሆናላችሁ፤ አብዛኞቻችሁም አባቶችና እናቶች መሆናችሁ አይቀርም። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የምትይዙት አሳብ በዚያን ጊዜ ብቻ የሚጀምር አይደለም፤ ዛሬ ታናሻችሁ ጣሳውን ሲያነሣ በምትሰጡት መልስ ይጀመራል። «ተው!» ማለት ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ነው፤ ድካምም የለበትም። «ና፣ አብረን እንቍጠር» ማለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ግን ለልጁ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

ከዚህ የተለየ አስተያየት ያላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። በቤታችሁ ያለውን የውኃ ችግርና የሕፃናት አያያዝ የምታውቁት እናንተ ናችሁና ምክንያታችሁን በቅደም ተከተል ጻፉት። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ሳፋውን በደጃፍ አስቀምጡ፤ ከሕፃኑ አንድ ክንድ ሳትርቁ ተቀመጡና ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱት። ከዚያ በኋላ ብዕራችሁን አንሡ።